ኬሊንግ በሬድዮ

በቦርኒዮ ደሴት ላይ በምትገኘው የማሌዥያ ግዛት በሳራዋክ ጁን 1 ቀን የሕዝብ በዓል ነው። ጋዋይ ዳያክ ይባላል፤ ኢባኖችን ጨምሮ ዳያክ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት ሕዝቦች የሩዝ አዝመራቸውን ከሰበሰቡ በኋላ በአንድነት የሚያከብሩት ቀን ነው። የመከሩ ድግስ ራሱ በየወንዙና በየቤቱ፣ በየራሱ ጊዜ ሲደረግ የኖረ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ያክብረው የሚለው ሐሳብ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ሐሳቡ የተነሣው በ1957 ኢያን ኪንግስሊ የተባለ የሬድዮ ፕሮግራም አዘጋጅ ባሰናዳው የአየር ላይ ውይይት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የዳያኮች መነጋገሪያ ሆኖ ቆየ፤ በ1965ም ቀኑ በይፋ የሕዝብ በዓል ሆነ።

ድምፅ በመቅዳትና በማስተካከል ሥራ ለዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝ። በሙያችን ሰፈር «ሬድዮ የቃል ቅርስን ይጠብቃል» ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ቴፑ፣ ወደ መደርደሪያው፣ አሁን አሁን ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ ነው። የ1957ቱ ውይይት ፍሬ ግን በመደርደሪያ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሰዎች ሰሙት፣ ተከራከሩበት፣ ተቀባበሉት፣ በመጨረሻም በየዓመቱ የሚያደርጉት ነገር ሆነ። ስለ ኢባን ተረቶችና ስለ ሬድዮ ባነበብኩ ቁጥር የሚመላለስብኝ ሐሳብ ይህ ነው፤ ማሰራጨትና መቅዳት እንደ አንድ ሥራ ተደርገው ይወራላቸዋል እንጂ ለተረት የሚያደርጉለት ነገር የተለያየ ነው፤ አንዳንዴም እርስ በርስ ይጣላሉ።

ኢባኖች ከሳራዋክ ነዋሪ ሩብ በላይ የሚሆኑ፣ በግዛቲቱ በቁጥር ትልቁ ሕዝብ ናቸው። እንግሊዞች ቀድሞ «የባሕር ዳያክ» ይሏቸው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን የኖሩት ከባሕር ርቀው፣ በወንዞች ዳር ነው። የአኗኗራቸው መሠረት ረጅሙ የጋራ ቤት ነው። በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የሚሠራ አንድ ወጥ ቤት ሲሆን፣ አሥርም ሠላሳም ቤተሰብ ጎን ለጎን ይኖርበታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢሊክ የሚባል በር ያለው የራሱ ክፍል አለው፤ ከክፍሎቹ ፊት ለፊት ደግሞ ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ግድግዳ የሚዘረጋ ሩአይ የሚባል ሰፊ መተላለፊያ አለ። ሩአይ መንገድም፣ የእንግዳ መቀበያም፣ መሸንጎም ነው። ከእርሻ የተመለሰው ሰው ሲመሽ እዚያ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ መረቡን የሚጠግን ይጠግናል፣ ቅርጫት የሚሠራ ይሠራል፣ ቱአክ የሚባለው የሩዝ ጠጅ ካለም ይቀርባል። ተረት የሚነገረው በዚህ ቦታና በዚህ ሰዓት ነው።

ከተረቶቹ ሁሉ ባለ ግርማው ኤንሴራ ነው። በዓይን የማይታየው የጀግኖች አገር የፓንጋው ሊባው ሰው የኬሊንግና የጌሎንግ አገሯ ውብ የኩማንግ ታሪክ የሚነገርበት፣ ግማሹ ተራ ንግግር ግማሹ በዜማ የሚወርድ ግጥም የሆነ ረጅም ተረክ ሲሆን፣ አንዱ ብቻ ብዙ ሌሊት ሊወስድ ይችላል። ኬሊንግ መልኩን እየለወጠ ይጠፋል፣ ይዘምታል፣ ማንም ሳያውቀው ይመለሳል። ለኢባን ሰው የፓንጋው ሰዎች በዓይን የማይታዩ እንጂ የሌሉ አይደሉም፤ በሕልም ይመጣሉ፣ የሚወዱትን ሰው ያግዛሉ። ስለዚህ ኤንሴራ የሚነግር ሰው ልብ ወለድ አያወራም፤ ስለ ታላላቅ ጎረቤቶች ያወራል ቢባል ይቀርባል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የአፓይ ሳሎይ ወሬዎች አሉ። አፓይ ሳሎይ፣ ማለትም የሳሎይ አባት፣ የተነገረውን ሁሉ ገልብጦ የሚረዳ ሞኝ ሲሆን፣ አፓይ ሳሙማንግ የተባለው ብልጣ ብልጥ ደግሞ ሲያታልለው ይኖራል። ትንሿ ፔላንዶክ ከራሷ አሥር እጥፍ የሚገዝፉትን አውሬዎች የምታሞኝባቸው የእንስሳት ተረቶችም አሉ፤ ፔላንዶክ ከድመት ብዙ የማትበልጥ ቀጭን የዱር እንስሳ ናት።

በመካከል ያሉት ግን ይበልጥ ይስቡኛል። ሲዩ የሚባል ወጣት ወፍ ሊያድን ወጥቶ መንገድ ይጠፋውና ወደ አንድ ያልታወቀ ረጅም ቤት ይደርሳል። ቤቱ የሲንጋላንግ ቡሮንግ፣ የምልክት ወፎች ሁሉ አለቃ የሆነው አምላክ ቤት ነው። ሲዩ የአምላኩን ልጅ ያገባል፤ እርሷም ወፍ እንዳይገድል፣ በእጁም እንዳይነካ ቃል ታስገባዋለች። ልጅ ይወልዳሉ፣ ስሙም ሴራ ጉንቲንግ ይባላል። ሲዩ ቃሉን ያፈርሳል፤ ሚስቱም ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። አባትና ልጅ ተከትለው ይሄዳሉ፤ ልጁ የአያቱን ፈተና ያልፋል። ከዚያ አያቱ ያስተምረዋል፤ የየትኛው ወፍ ድምፅ በየት በኩል ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጫካ መመንጠር መቼ እንደሚጀመር፣ ከጉዞ መቼ መመለስ እንደሚገባ ይነግረዋል። ልጁ ወደ ሰዎች ዓለም ይዞት የመጣው ይህ ትምህርት ኢባኖች ለትውልዶች ሲያርሱበትና ሲጓዙበት የኖሩት ሥርዓት ነው። ተረቱን የጣለ ሰው ከእርሱ ጋር የእርሻ ደንቡን፣ የጋብቻ ነውሩን፣ ከጫካው ጋር የገባውን ውል ጭምር ይጥላል። ለዚህ ነው «ተረት ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር እዚህ ቦታ የማይሠራው።

እነዚህን ለመያዝ ኢባኖች ከሬድዮ በፊትም መንገድ ፈልገዋል። ለማምባንግ የሚባሉት የሥርዓተ አምልኮ ባለቅኔዎች በበዓል ሌሊት እስኪነጋ የሚያወርዱትን ረጅም ዜማ ቅደም ተከተሉን እንዲያስታውሳቸው ፓፓን ቱራይ በሚባል ጣውላ ላይ ምልክቶች ይቀርጹ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ፐራምን የመሰሉ የአንግሊካን ሚስዮናውያን ከኬሊንግ ታሪኮች አንዳንዱን በላቲን ፊደል ጽፈው አሳተሙ። በ1947 ደግሞ ዱንጊንግ አናክ ጉንጉ የተባለ የሳሪባስ ወንዝ አካባቢ ሰው ለቋንቋው የራሱን ፊደል ፈለሰፈ። የራሱ ፊደል ባለው ቋንቋ ያደገ አንባቢ ይህን ሰው ሳያደንቅ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ከሦስቱ ውስጥ በእኔ ዘንድ ከሬድዮው ጋር ለመወዳደር የሚገባው ጣውላው ነው። ፓፓን ቱራይ ብቻውን ዋጋ የለውም። በላዩ ያሉት ምልክቶች ዜማውን አይናገሩም፤ ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ብቻ ይጠቁማሉ። ባለቅኔው ተተኪ ሳያስተምር ከሞተ ጣውላው እንጨት ይሆናል። ስለዚህም ጣውላው ባለቤቱን ተማሪ እንዲያፈራ ያስገድደዋል። ቴፕ ግን አያስገድድም። ቴፕ ሰውየው ቢሞትም ድምፁ ይቀራል የሚል እርግጠኝነት ይሰጣል፤ ያ እርግጠኝነት ደግሞ ማስተማሩን ለሌላ ጊዜ ለማሳደር ምክንያት ይሆናል። በሥራዬ ከታዘብኩት ነገር ሁሉ ይህን ያህል እውነት ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ «ተቀድቷል» የሚለው ቃል በተነገረ ቁጥር በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይዝናናል።

ሬድዮ ሳራዋክ የተመረቀው ጁን 8 ቀን 1954 ነው። ሳራዋክ በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከ1841 ጀምሮ ራጃ እየተባሉ የገዟት የብሩክ ቤተሰብ ነጮች ግዛቲቱን ለብሪታንያ መንግሥት ያስረከቡት በ1946 ነበር። ጣቢያው በቢቢሲ ባለሙያዎች እርዳታ ተቋቁሞ በአራት ቋንቋዎች፣ ማለትም በማላይ፣ በኢባን፣ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ማሰራጨት ጀመረ። የተቋቋመው ለተረት ሲባል አልነበረም። መንግሥት በወንዝ ካልሆነ በቀር መድረሻ ወደሌላቸው ሰዎች ዜናውን፣ የጤናና የእርሻ ምክሩን፣ የፖለቲካ ሐሳቡን ማድረስ ፈልጎ ነበር። ግን የአየር ሰዓት መሞላት አለበት፤ በኢባንኛ የሚሞላው ነገር ደግሞ ከየት ይመጣል? የኢባንኛ ጋዜጣ ክምር፣ የኢባንኛ ቴአትር፣ የኢባንኛ ሸክላ አልነበረም። የኢባን ክፍል አዘጋጆች ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ሀብት ተረቱ፣ ግጥሙና ዜማው ነበር፤ እርሱን ወደ ማይክሮፎኑ አመጡት። በኋላ ላይ ቅርስ ጥበቃ የተባለው ሥራ በመጀመሪያ የአየር ሰዓት መሙያ ነበር ማለቴ ለማቃለል አይደለም። እንዲያውም ጥንካሬው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ተረቱ የሚፈለገው ዛሬ ማታ ስለሆነ ተራኪ ዛሬውኑ መገኘት ነበረበት።

ሳራዋክ ከ124,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት፤ ትልቁ ወንዟ ራጃንግ ብቻውን 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚያ ዘመን ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው መሄድ የቀናት ነገር ነበር። አጭር ሞገድ ግን ወንዝ አያግደውም። መብራት በሌለበት ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ ሬድዮ ሩአይ ላይ ከተቀመጠ፣ ለሁሉም ቤተሰብ ይበቃል፤ ቤቱ ራሱ ለጋራ ማዳመጥ የተሠራ ይመስላል። ትራንዚስተር ሲመጣ ደግሞ ሬድዮው ቀለለ፣ ዋጋውም ወረደ። በሳራዋክ በባሌህ ወንዝ ያለ ሰው የሳሪባስ ሰው ኬሊንግን እንዴት እንደሚተርክ ከቤቱ ሳይወጣ ሰማ። ወጣት ወንዶች ቤጃላይ የሚሉትን ረጅም ጉዞ ሄደው፣ በሥራ አገር ቆይተው፣ ከንብረትና ከወሬ ጋር የሚመለሱበት ልማድ ለነበረው ሕዝብ፣ የሩቅ ሰው አነጋገር ወደ ሩአይ መግባቱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር በየምሽቱ መግባቱ ነው።

ይህ መስፋፋት ዋጋ አስከፍሏል። ከሚስዮን ትምህርት ጋር ቀድመው የተዋወቁት የሳሪባስና የአካባቢው ኢባኖች ስለነበሩ፣ በጽሑፍም በአየርም የጎላው አነጋገር ወደ እነርሱ ያደላ ነበር። ለኢባንኛ ይህ ጥቅም አለው፤ ከወንዝ ወንዝ የሚለያይ ቋንቋ ሁሉም የሚሰማው የጋራ መልክ አገኘ፤ ዜናና የሳይንስ ነገርም ሊነገርበት እንደሚችል ተናጋሪዎቹ በጆሯቸው አረጋገጡ። ለተረቱ ግን በአሥር መልክ ይነገር የነበረው በአንድ መልክ የመርጋት አደጋ መጣበት። ሬድዮ የተናገረው ትክክለኛው ይመስላል። የልጅ ልጆቹ ፊት ተረት ሲነግር «በሬድዮ እንዲህ አይደለም» የተባለ አያት በየትኛውም አገር አይታጣም፤ ያ አያት በማግስቱ ለመተረክ ያለው ፍላጎት እንደ ትናንቱ አይሆንም።

ከዚያም በላይ የሚያሳስበኝ ተረኩ ስቱዲዮ ሲገባ የሚያጣው ነገር ነው። ብዙ ሌሊት የሚፈጅ ኤንሴራ ለግማሽ ሰዓት ሲቆረጥ ምን ይቀራል? ብዙ ጊዜ የሚቀረው ድርጊቱ ነው፤ ኬሊንግ ሄደ፣ ተዋጋ፣ ተመለሰ። የሚወጣው ደግሞ የኩማንግ ሽመና በዝርዝር የሚነገርበት፣ የጦረኛው አለባበስ ከላባው እስከ ጎራዴው የሚወደስበት፣ ያረጁና የጠለቁ ቃላት የተከማቹበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ለችኩል ጆሮ «ታሪኩን ወደ ፊት አያራምድም»። ቋንቋውን የተሸከመው ግን ይህ ክፍል ነው። እኔ የምሠራው ድምፅ መቁረጥ ስለሆነ የመቀሱን ሐሳብ አውቀዋለሁ፤ መቀስ ሁልጊዜ ለድርጊት ያደላል።

ሌላው የሚጠፋው መልሱ ነው። ሩአይ ላይ ተራኪው ብቻውን አይናገርም፤ አድማጭ ይስቃል፣ ይጠይቃል፣ «ኧረ እንዲያ አይደለም» ይላል፣ ተራኪውም በዚያው ልክ ያረዝማል ወይም ያሳጥራል። ስቱዲዮ ውስጥ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቴክኒሻን ነው፤ እርሱም እጁን የሚያነሣው ሰዓት ማለቁን ለማሳየት ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ከሬድዮ «ተረት ተረት» የሚል ድምፅ ስሰማ «የላም በረት» ብዬ ለሣጥኑ ስመልስ አስታውሳለሁ፤ ከእኔ ጋር የነበሩትም ልጆች እንዲሁ ይመልሱ ነበር። መልሳችን የትም እንደማይደርስ ማናችንም ቅር አላለንም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ተራኪው በዚያን ጊዜ ምን ይሰማው እንደነበር ማወቅ እወዳለሁ፤ ዝም ላለ ክፍል ተረት መንገር እጅግ ከባድ ነገር ነው፤ ድምፁን ስንቀዳ ከፊቱ አድማጭ ያስቀመጥንለትና ብቻውን ያስቀመጥነው ተራኪ ልዩነታቸው ከመጀመሪያው ደቂቃ ይሰማል።

ሁሉም ነገር ደግሞ ለአየር አይደለም። ቲማንግና ፔንጋፕ የሚባሉት የለማምባንግ ዜማዎች አማልክትን ወደ ድግስ የሚጠሩ ናቸው፤ የሚባሉትም መሥዋዕቱ በቀረበበት፣ ድግሱ በተሰናዳበት ሌሊት ነው። ሳባክ የሙት ልቅሶ ነው፤ አልቃሿ የሟቹን ነፍስ መንገድ በመንገድ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ወደ ሙታን አገር እየሸኘች እስኪነጋ ታለቅሳለች። እንዲህ ያለውን ቃል በአዘቦት ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከዘፈንና ከዘፈን መካከል ማሰማት ለባለቤቶቹ ጨዋታ አይደለም። አንዳንድ ቅርስ ወዳዶች «ሁሉም ይቀዳ፣ ሁሉም ይሰራጭ» ሲሉ ስሰማ አልስማማም። ሳባክን መቅዳት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከኀዘንተኞቹ ፈቃድ ጋር፣ ለማን እንደሚከፈት ተወስኖ። ማሰራጨቱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የአፓይ ሳሎይን ቀልድ እንደምናሰራጭ የምናሰራጨው ነገር አይደለም።

ስለ ቴፑም ላንሣ፤ ሙያዬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ጣቢያዎች ቴፕን እንደ ውድ ዕቃ ያዩት ነበር፤ ውድ ስለሆነም በላዩ ደግመው ይቀዱበት ነበር። ይህ በዓለም ዙሪያ በታላላቆቹም በድኆቹም ጣቢያዎች የተደረገ ነው። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ አዛውንት ትረካ ከተለጠፈበት የቴፕ መያዣ ውስጥ የስብሰባ ንግግር ሲወጣ ሰምቻለሁ። ከመደምሰስ የተረፈው ደግሞ ከአየሩ ጋር ይታገላል። በሳራዋክ ዋና ከተማ በኩቺንግ በዓመት ወደ 4,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል፤ ሙቀትና እርጥበት ቴፕን ያሻግታሉ፣ የማግኔቱን ቅባት ከፕላስቲኩ ያላቅቁታል፤ ከአሴቴት የተሠራው የቆየ ቴፕ ደግሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ይኮማተራል። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ በ2019 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ሌላ ነገርም ያስታውሰናል፤ ቴፑ ቢተርፍ እንኳ ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ ከ2025 ወዲህ ብርቅ እየሆኑ እንደሚሄዱ ይናገራል። የሙያው መመሪያ የታወቀ ነው፤ ድምፁን ሳይጨመቅ በ96 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት መቅዳት፣ ቅጂውን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ። ገንዘብ ይፈጃል እንጂ ምስጢር የለውም።

ሬድዮው ለብቻው አልቆመም ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የቦርኒዮ ሥነ ጽሑፍ ቢሮ በኢባንኛ መጻሕፍት ያሳትም፣ የጽሑፍ ውድድርም ያዘጋጅ ነበር፤ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ከምልክት ወፎቹ በአንዷ ስም የተሰየመች ነንዳክ የምትባል የኢባንኛ መጽሔት ትወጣ ነበር። በ1966 የሳራዋክ ቤተ መዘክር ኃላፊ የሆነውና እስከ 1974 የመራው ቤኔዲክት ሳንዲን ራሱ ኢባን ነበር፤ የትውልድ ሐረጎችንና የቃል ታሪኮችን ሰብስቦ በኢባንኛም በእንግሊዝኛም ጽፏል። የሰማኸውን ተረት የምታነብበት፣ ያነበብከውን የምትሰማበት ጊዜ ነበር። ሳራዋክ በ1963 የማሌዥያ አካል ከሆነች በኋላ ግን የብሔራዊ ቋንቋው የማላይ ጉዳይ እየከረረ ሄደ። በ1977 የቦርኒዮ ሥነ ጽሑፍ ቢሮ የማላይ ቋንቋን ለማሳደግ በተቋቋመው ዴዋን ባሃሳ ዳን ፑስታካ ተተካ፤ የኢባንኛ መጻሕፍት ኅትመትም ቆመ፤ ነንዳክም በዚያው ዓመት አበቃች። መጽሐፉ ሲቆም ያልቆመው የሬድዮው የኢባን ክፍል ነው። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሬድዮ ያደረገው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የአዲስ መጻሕፍት በር በተዘጋባቸው ዓመታት ኢባንኛ በየቀኑ ለሕዝብ የሚነገር ቋንቋ ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። የመንግሥት ጣቢያ መሆኑም አልከለከለውም፤ የአንድ አገር መንግሥት በአንድ እጁ የነፈገውን በሌላው ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

በዚያው ጊዜ አካባቢ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ቴሌቪዥን ወደ ሳራዋክ ገባ። ምሽቱ ከሩአይ ወደ ቢሊኩ ውስጥ ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሬድዮ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ሁሉን ይሰበስብ ነበር፣ ቴሌቪዥን ግን እያንዳንዱን ቤተሰብ ከበሩ ኋላ ወሰደው። የእንጨት ንግድ ጫካውን ገባበት፤ ወጣቱ ወደ ከተሞቹ፣ ወደ ሲቡ፣ ወደ ሚሪ፣ ወደ ኩቺንግ ወረደ። በ1985 በተጠናቀቀው የባታንግ አይ ግድብ ምክንያት ብዙ ረጅም ቤቶች ከውኃ በታች ሆኑ፤ ወደ 3,000 የሚሆኑ ኢባኖችም ከቦታቸው ተነሡ። ሲዩ ወፍ ያደነበትን ጫካ የሚመስል ጫካ ያላየ ልጅ ተረቱን ሲሰማ ወፎቹን በስም ብቻ ነው የሚያውቃቸው፤ ይህን ጉድለት ደግሞ የትኛውም ማሰራጫ አይሞላውም።

ዛሬ የማሌዥያ ሬድዮና ቴሌቪዥን ዋይ ኤፍ ኤም በሚባለው ጣቢያው በኢባንኛ ያሰራጫል፤ በኢንተርኔትም ስለሚተላለፍ ከቦርኒዮ ውጭ በነዳጅ ማውጫና በፋብሪካ የሚሠራው ኢባን በስልኩ ይከታተለዋል። ከ1985 ጀምሮ የሚሠራው የቱን ጁጋ ፋውንዴሽን የቃል ሥነ ጽሑፉን እየቀዳና እየጻፈ ቆይቷል፤ በ2001ም ስለ ኢባን ሕዝብ ባለ ብዙ ቅጽ ኢንሳይክሎፒዲያ አሳትሟል። ኢባንኛ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ከ2008 ጀምሮም በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ውስጥ ገብቷል። በ2010 ደግሞ ከለንደን በአጭር ሞገድ በኢባንኛ ወደ ረጅም ቤቶቹ የሚያሰራጭ የተቃውሞ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። በፖለቲካው ውስጥ አልገባም፤ ግን የሰው አእምሮ ለመለወጥ የሚፈልግ ወገን በ21ኛው ክፍለ ዘመንም ርካሽ ሬድዮንና የተናጋሪውን የራሱን ቋንቋ መምረጡ፣ የሩአዩ ጆሮ ገና እንዳልተዘጋ ያሳያል።

እንግዲህ አንድ ጣቢያ የተረት ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ምን ቢያደርግ ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ከመሣሪያ አልጀምርም። ተራኪው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በራሱ ሩአይ፣ በራሱ ሰዎች መካከል ይቀዳ፤ የውሻው ጩኸትና የሕፃኑ ልቅሶ ይግባ። የሚሰራጨው ግማሽ ሰዓት ቢሆንም የሚቀመጠው ሙሉው ይሁን፤ ተቆርጦ የወጣው ክፍል ለጣቢያው ከንቱ ቢሆንም ከመቶ ዓመት በኋላ ቋንቋውን ለሚያጠና ሰው ዋናው እርሱ ሊሆን ይችላል። በመለያው ላይ «የኢባን ተረት» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ ተራኪው ማን ነው፣ ከየትኛው ወንዝ ነው፣ ከማን ነው የሰማው፣ እነማን ተቀምጠው ነበር፣ እንዲሰራጭ ፈቅዷል ወይስ እንዲቀመጥ ብቻ? እነዚህን ለመጠየቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይጠየቁ ከታለፉ ግን በኋላ የሚመልሳቸው አይገኝም። ፕሮግራሙ ሲያልቅም በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ተረት የሌላ ወንዝ ሰው ይንገረው፤ አንዱ መልክ ብቻውን እንዳይነግሥ።

ከሁሉ በላይ ግን ስልኩ ይከፈት። በ1954 ሬድዮ የነጠቀውን መልስ ዛሬ በስልክና በድምፅ መልእክት መመለስ ይቻላል። ከካፒት የሚደውል ሰው «እኛ ጋ ኬሊንግ በዚያ መንገድ አልሄደም» ቢል፣ ከቤቶንግ የምትደውል አሮጊት ተራኪው የዘለለውን ግጥም በዜማ ብትሞላው፣ አብዛኛው ጣቢያ ይህን እንደ ማሟሻ አየር ላይ አውሎ ይጥለዋል፤ በማኅደር የሚቀመጠው «ንጹሑ» ትረካ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ጥሪዎቹን ከትረካው ጋር በአንድ ፋይል፣ በአንድ ቁጥር አስቀምጣቸው ነበር፤ የደዋዩን ወንዝ ጽፌ፣ የተቃወመውን ቦታ በደቂቃ አመልክቼ፣ ግጥም የሞላችውን አሮጊት ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ተራኪ አድርጌ መዝግቤ።